ትርፍ

«ትርፍ አንጀት ዘንድሮም ሰው ይገድላል እንዴ?» አለች ጎረቤቷ የሻይ ብርጭቆውን እየተቀበለች።

ልብስ ሰፊዋ ፔርሙሱን ይዛ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች። እህቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የትርፍ አንጀቱን ወሬ ያመጣው የእህቷ ባል ነው። እሷም ዝም ብላለች፤ ሟች «ለሰው እንዳትናገሪ» ብላ አስምላታለች።

የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ራሷ ለእህቷ የሰፋችው ነው። ስለጠበባት ጠዋት ጎንና ጎኑን ተርትራ አስፍታዋለች። ልብስ ስትሰፋ ትርፉን ቆርጣ አትጥልም፣ ወደ ውስጥ አጥፋ ትተወዋለች። «ሰው ይወፍራል፣ ይወልዳል» ትላለች። እህቷ ደግሞ «አንቺማ ብትችይ እኔንም አጥፈሽ ታስቀምጪኝ ነበር» እያለች ትስቅባት ነበር።

ትርፍ የሚለውን ቃል መኝታ ቤት ያስገባው ባልየው ነው። ስልኩ ላይ ራቁት ሴቶች ሲያይ ቆይቶ ወደ ሚስቱ ጭን መሀል እያመለከተ «ያንቺማ ትርፍ አለው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ሳታጠፋ ልብሷን አላወለቀችም። በመጨረሻ ከአንድ የቁንጅና ሳሎን ጀርባ ያለች ክፍል ገባች። «ትንሽ ማስተካከል ነው፣ ግማሽ ሰዓት» ብለዋት።

ከቆረጧት በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ በሩን ገፍታ ስትገባ እህቷ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝታ ነበር። ገላዋ ይፋጃል። ከሥሯ ያለው ፎጣ በደም ርሶ ይሸታል።

«ሐኪም ቤት ምን ብዬ ልናገር?» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

አዝላ ወሰደቻት። ሐኪሟ ገልጣ አይታ ቆይታ፣ «ማነው እንዲህ የቆራረጣት?» አለች።

«ትርፍ ነው ብለዋት።»

«ትርፍ የሚባል ነገር የለም። አፈጣጠራችን ይለያያል እንጂ።»

የቁስሉ መርዝ ግን ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አሁን ለቅሶው ላይ የአክስቷ ልጅ፣ በቅርቡ የምታገባዋ፣ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «እትዬ፣ እሷ ቀጠሮ ስትይዝ አብረን ነበርን። የኔ ሰኞ ነው። በሱ አይደለም አይደል የሞተችው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ስትከፍት ባልየው ከማዶ ተነሥቶ መጣና ክንዷን ጨምድዶ ያዘ። «ትርፍ አንጀት ነው በያት» አላት በቀስታ። «ሬሳዋን አታዋርጂ።»

ፔርሙሱን ፊቱ ላይ አሳረፈችው። አፍንጫው ሲሰበር ጓ ሲል ተሰማ። ከወደቀም በኋላ አልተወችውም፤ ደረቱ ላይ ወጥታ ሦስት ወንዶች እስኪጎትቷት ድረስ ደበደበችው። ሻይና ደም ምንጣፉ ላይ ተደባለቀ።

«እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» አለ ደም በሞላው አፉ።

ልብስ ሰፊዋ እሱን አላየችም። እያለከለከች ወደ ልጅቷ ዞረች። «ገላዋን ቆርጠው ነው የገደሏት። አንቺ ሰኞ በምትሄጂበት ቦታ። ትርፍ አልነበራትም። አንቺም የለሽም።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «የሰኞውን ሰርዙልኝ» አለች፤ ቀጥላም «አይ፣ ሌላ ቀን አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሱ በእጥበት ብዛት ግራጫ ሆኗል። ጎኑ ላይ ከእጥፋቱ የተለቀቀው ጨርቅ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ዛሬ የተገዛ ይመስል ድቅድቅ ጥቁር ነው። ከብብቷ እስከ ወገቧ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ደግማ ዳሰሰችው።