ስልኬ ውሃ የገባ ቀን

ባሌ ስልኬን ሆን ብሎ ውሃ ውስጥ እንደጣለው የጠረጠርኩት ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነው። ዳኛቸው ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። የዌስተርቪል ቤታችንን የጋራዥ በር በመኪና ሲገጨው እንኳን "ይህን በር ማን ዘጋው" ብሎ እኔን የተቆጣ ሰው ነው። ያን ዓርብ ግን፣ ሳቫና ወደብ ላይ ሻወር ወስጄ ፎጣ ራሴ ላይ ጠምጥሜ ስመለስ፣ ጀልባችን ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ አገኘሁት።

"ማንዬ፣ ይቅርታ። ስልክሽን ቻርጅ ላደርግልሽ ስል ከእጄ አምልጦ ውሃ ገባ። ይቅርታ።"

ሁለቴ። ዓይኑ ደግሞ ደም መስሏል። ምን ሆነህ ነው ስለው "የጨው ውሃ ነው" አለኝ። ሞኝህን ፈልግ አልኩ በሆዴ።

እናንተ ጀልባ ላይ ምን ትሠራላችሁ ለሚለኝ ሰው፣ እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ዳኛቸው ኦቤትስ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት ነድቶ ሪታየር ሲያደርግ፣ እኩዮቹ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ይገዛሉ፣ የኔው ጉድ አሮጌ ጀልባ ገዛ። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ሁቨር ሐይቅ ላይ እየወሰደ ያስለከፈው። እቅዱ ከቻርልስተን ተነስተን፣ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ደቡብ እየወረድን፣ ሁለት ሳምንት እዚያችው ጀልባ ላይ ኖረን፣ ሴንት ኦገስቲን ስንደርስ መመለስ ነበር። እኔ ዋና አልችልም። ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሼ ነው ሽሮ የማማስለው። ለብሼው ነው የምተኛው።

ግን አልዋሽም፣ ወደድኩት። መኝታችን እንደ ጫማ ጫፉ የጠበበ ስለሆነ እግራችን እየተጋጨ ነው የምናድረው፤ ትልቅ መርከብ ባለፈ ቁጥር ሽሮው ከድስቱ ዘሎ ይወጣል፤ ልብሳችንን ዳሩ ላይ ባለው ሽቦ እናሰጣለን። ቤታችን ያለበት ኮሎምበስ በረዶ ሊጥል ሲያንዣብብ እኔ በባዶ እግሬ ነኝ። ድልድይ ሲመጣ ዳኛቸው ጠባቂውን በሬዲዮ ይለምነዋል፤ እኔን እንደዚያ በትህትና አናግሮኝ አያውቅም። ከዚያ መኪናው ሁሉ ይቆምና ድልድዩ ለሁለት ተከፍሎ ይነሳልናል። ዕድሜ ልኬን ከሽፍት ሽፍት የሮጥኩ ሴት፣ ለኔ ተብሎ ትራፊክ ሲቆም አየሁ። እጄን አወዛውዝላቸው ነበር።

ከስልኬ በኋላ ግን ነገር ይሸተኝ ጀመር። ስልኩ ሲጠራ ዳኛቸው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይሄዳል። ጀልባ ማለት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስራ ሁለት እርምጃ ነው፣ ሰው የት ይሸሻል? እኔ ብቅ ስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ንፋስ በእንግሊዝኛ ያወራል። ሌላው ጫፍ ያለው ሰው ምን ይል ይሆን እላለሁ።

እሁድ እሁድ ለወንድም ጋሼ እደውላለሁ። ወንድም ጋሼ፣ ግርማቸው ማለቴ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያሳደገኝ እሱ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ አንድ እሁድ አልፎኝ አያውቅም። ያን እሁድ ዳኛቸውን ስልክህን ስጠኝ ብለው "ኔትዎርክ የለም" አለኝ።

"የአየሩን ነገር በምን እያየህ ነው ታዲያ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

ስጨቀጭቀው ጊዜ ፎቶ አነሳኝ። በጃኬቴ ሆኜ፣ በአንድ እጄ ማማሰያ ይዤ። "ይህን እልክለታለሁ፤ ኔትዎርክ ሲመጣ ይደርሰዋል" አለ። ሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ፣ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ "ወንድም ጋሼ እኮ መለሰ" አለኝ።

"ምን አለ?"

"'ራሷን ሲያጥቧት ሰፈር የምታሸብር ልጅ፣ ጭራሽ ባህር ላይ መኖር ጀመረች?' ይላል።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ልጅ ሆኜ ራሴን የሚያጥበኝ ወንድም ጋሼ ነበር፤ ውሃው ጆሮዬን ገና ሲነካኝ ስጮህ ጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ ይወጣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ነገር ለራሴ እየደገምኩ፣ ሽንኩርት ስከትፍም፣ ዕቃ ሳጥብም ስቄአለሁ። ዳኛቸው አብሮኝ አልሳቀም። እሱን ደግሞ መዝግቤ ያዝኩበት።

ከዚያ የሳሌም ነገር መጣ። ሳሌም እዚያው ኮሎምበስ፣ ሊንደን ሰፈር የምትኖር የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ባሏን ከፈታች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የቤታችን ትርፍ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። አንድ ከሰዓት ዳኛቸው ከድልድይ ጠባቂ ጋር በሬዲዮ ሲነጋገር ስልኩ ካርታው ላይ ተቀምጦ በራ። ዓይኔ ሄደ። ይሂድ፣ ባሌ አይደል? እንዲህ ይላል፦ "እስካሁን አላወቀችም አይደል? እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቀጥለው?"

ከላይ የሳሌም ስም፣ የሳሌም ፎቶ። ያን ፎቶ ያነሳኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ድልድዩ ተከፈተ፣ መኪኖቹ ቆሙ፣ ያን ቀን ለማንም እጄን አላወዛወዝኩም።

ለምን አልጠየቅሽውም እንዳትሉኝ። ዳኛቸውን ብጠይቀው ይክዳል፤ ሲክድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ፈለግኩ። ስለዚህ ዝም ብዬ እየሳቅኩ መቁጠር ጀመርኩ። በቀን አምስቴ ትደውላለች። ከስልኩ ሲመለስ ፊቱን በጀልባዋ ቱቦ ውሃ ይታጠባል። እህል አይወርድለትም። ቀን እያወራሁት ከኔ ጋር አይደለም። ይሄን ያህል ወዷታል ማለት ነው አልኩ፣ በዚህ ዕድሜው። ተቃጠልኩ።

ሴንት ኦገስቲን ስንደርስ መመለስ አልነበረብንም? "ትንሽ እንውረድ፣ ደስ ብሎሽ የለ" አለኝ። ወረድን። ሌላ ሳምንት። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሱ ፊት ይጠቁራል። ከሁለታችን አንዳችንን መምረጥ አቅቶት ነው የሚሸሸው ብዬ ደመደምኩ።

ፎርት ፒርስ ላይ ልብስ ላጥብ ብዬ ወጣሁና የወደቡን ቢሮ ሴትዮ ስልክ ለምኜ ለልጄ ለሮሃ ደወልኩ። ቤት ያለችው እሷ ናት።

"ሮሃ፣ እትዬ ሳሌም ቤት ትመጣለች እንዴ?"

"ሺ ኢዝ ሂር ኤቭሪ ዴይ፣ ማም" አለችኝ።

"በየቀኑ? ምን ልታደርግ?"

"አስክ ዳድ። ፕሊዝ፣ ማም፣ ጀስት አስክ ዳድ።" ስታለቅስ ይሰማኛል።

ልጄም ታውቃለች። ከሁሉም ይሄ ነው አንጀቴን የበጠሰው። እርጥቡን ልብስ ማሽኑ ውስጥ ትቼ ወደ ጀልባው ሄድኩና "ዛሬ ወደ ቤት እንሄዳለን" አልኩት።

"አንድ ቀን ብቻ እንጨምር፣ ማንዬ።"

"ዛሬ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እሺ" አለ። ጀልባዋን እዚያው አስቀምጠን መኪና ተከራየን።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲነዳ አስር ቃል አልተነጋገርንም። ጭራሽ በሁለተኛው ቀን፣ ወደ ማታ ላይ፣ ቤታችን ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልበለጠ መንገድ ሲቀረን ቺሊኮቲ ከተማ አንድ ሆቴል በር ላይ አቆመ።

"እዚህ ደርሰን?"

"ደክሞኛል።"

እሷ ዕቃዋን እስክትሰበስብ ጊዜ ሊሰጣት ነው። አልጋው ላይ ተጋድሜ ለሳሌም የምላትን በቃሌ አጠናሁ። ሌሊት አስር ሰዓት ሲሆን ዳኛቸው ራሱ ቀሰቀሰኝ። "ነጠላሽን ደርቢ፣ ይበርዳል" አለኝ። ነጠላ ከመቼ ወዲህ ነው ሙቀት የሚሆነው? አልጠየቅሁትም፣ የራሴን ንግግር እያጠናሁ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ሰፈራችን ገባን። ድራይቭዌያችን ላይ የሳሌም መኪና ቆሟል። ሌላ መኪና የለም። ዳኛቸው ሞተሩን ሳያጠፋ የቤቴን በር ሳሌም ከፈተችው። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች።

የመኪናውን በር ወርውሬ ወረድኩ።

"ጓደኛዬ ብዬ የቤቴን ቁልፍ ሰጠሁሽ" አልኳት፣ መንገዱ እስኪሰማ፣ "አንቺ ባሌንም ጨምረሽ ወሰድሽ?"

ዳኛቸው ከኋላዬ "ማንዬ" አለ። ሳሌም መጥታ አቀፈችኝ። ገፋኋት። ስገፋት በትከሻዋ አሻግሬ ሳሎኔን አየሁ። ሶፋው ወጥቷል። ግድግዳውን ተከትሎ ወንበር ተደርድሯል፣ ወንበሩ ላይ ሰው ሞልቷል። የእድሩ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ አባ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መኪናቸውን ሌላ መንገድ ላይ አቁመው በእግራቸው ነው የመጡት። ያልኩትን ሁሉም ሰምተዋል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ስንቱን ቤት በንጋት ያንኳኳሁ ሴት ነኝ። የሳሌም እናት ያረፉ ጊዜ ስልኳን "ልዋስሽ" ብዬ ወስጄ አስራ አንድ ቀን የደበቅኋት፣ አስራ አንድ ቀን ዓይኗን እያየሁ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እዚያች ጀልባ ላይ የነበረውን ነገር ሁሉ በገዛ እጄ ሠርቼው አውቃለሁ። ቅናት አሳወረኝ።

"ማን ነው?" አልኳት።

"ወንድም ጋሼ" አለች ሳሌም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እነሱ ይንገሯችሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሳሌም በቀኜ ናት፤ ከጎኔ አልተነሳችም። ስለ ሰደብኳት ላነሳባት ስል "ሰልስቱ ይውጣ፣ ከዚያ ትክሽኛለሽ" ብላ ዝም አሰኘችኝ። ዳኛቸው በግራዬ ነው።

"መቼ ነው ያረፈው?" አልኩት።

"ስልክሽ ውሃ የገባ ቀን። ልቡ ነው አሉ። በማግስቱ ተቀበረ።"

"ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?"

"ውሃ ላይ? ከኔ በቀር ሰው በሌለበት? ማን አብሮሽ ያለቅሳል? ቤትሽ ላድርስሽ ብዬ ነው።" የነጠላዬን ጫፍ አስተካከለልኝ። "ደግሞ ደስ ብሎሽ አየሁ። እዚህ ስንደርስ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ሳሌም አምጣት አምጣት ትለኛለች። እኔ አንድ ቀን ልጨምርላት፣ አንድ ቀን ልጨምርላት እያልኩ ወረድን።"

በጣቴ ቆጠርኩ። ዓርብ ስልኬ ውሃ ገባ። ቅዳሜ ተቀበረ። እሁድ ፎቶ አነሳኝ።

"ሰኞ ዕለት የመለሰልኝስ?"

አቀረቀረ።

"ዳኛቸው። የወንድም ጋሼ መልስ።"

"እኔ ነኝ።"

ስልኩን ይቅር ልለው እችል ነበር። በሰው ፊት መዋረዴንም እችለዋለሁ፣ ራሴ ያመጣሁት ነው። ይሄን ግን እንዴት አድርጌ? ወንድሜ በተቀበረ በሁለተኛው ቀን አስቆኛል። ሳምንቱን ሙሉ አስቆኛል። ላንቀው ፈለግኩ፣ እውነቴን ነው። ግን ያቺ ነገር የወንድም ጋሼ ነገር ነበረች። ሌላ ሰው እንደዚያ አይልም። ዳኛቸው ያን ሁሉ ዓመት እሁድ እሁድ ከጎኔ ተቀምጦ ስንጣላም ስንስቅም ሲሰማ ኖሯል፣ ጆሮው ውስጥ የቀረውን ነው ያወጣልኝ። ለኔ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከወንድም ጋሼ ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

"እስቲ ድገመው" አልኩት።

"ማንዬ፣ ተይ።"

"ድገመው።"

"ራሷን ሲያጥቧት" አለ። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። አፉን በነጠላዬ ጫፍ ይዞ፣ ትከሻው እየተናጠ፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ አስራ ሁለት እርምጃ ላይ ከኔ ጋር ሲኖር፣ ድምፁን አውጥቶ የሚያለቅስበት ቦታ አልነበረውም።

የቀረውን እኔ ጨረስኩለት።