በአጥሩ በኩል ያለው መብራት

እና ውኃውን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ባልዲውን በሁለት እጄ፣ ባሌ መኪናዋ ፊት ተንበርክኮ አንደኛውን የፊት መብራት በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ፈተግ ፈተግ፣ ውኃ አፍስሺ ይለኛል፣ አፈሳለሁ፣ ፈተግ ፈተግ፣ በዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ሰሃን እንዲህ አጥቦ አያውቅም፣ ዛሬ ግን ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ተነስቶ፣ ቀለሙ እንዳይጫር በመብራቱ ዙሪያ ፕላስተር ለጥፎ፣ ብርጭቆ ወረቀቶቹን ከሻካራው እስከ ለስላሳው ደርድሮ፣ የምንቦርሽበትን የጥርስ ሳሙና ከመታጠቢያ ቤት አምጥቶ፣ ሁሉንም ለእኔ ሲል። ለእኔ። መብራቷ ቢጫ ሆኗል፣ ሲመሽ አይታየኝም ያልኩት እኔ ነኛ።

መብራቷ ቢጫ መሆኑ እውነት ነው። አይታየኝም ያልኩትም እውነት ነው። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም፣ ውሸቱ መሃላቸው ነው የተቀመጠው፣ እጁን አጣጥፎ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ።

ሩቅ አይታየኝም። ይኸው፣ ለራሴ እንኳ ስናገረው ጆሮዬ ይግላል። ከስድስት እርምጃ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ሳሙናው በደንብ ያልለቀቀ መስታወት ነው፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ያኔ አክስቴ መነጽር ገዛችልኝ፣ አድርጌው ክፍል የገባሁ ቀን ጠርሙስ አሉኝ፣ ጠርሙሷ መጣች፣ ጠርሙሷ ወጣች፣ በማግስቱ መነጽሩ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ በየቦርሳው ሲንከራተት ኖረ፣ አሁን ያለው አራተኛው ነው፣ የምደብቀው የት እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ፣ በሞዴስ ፓኬት ውስጥ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ባሌ እጁን የማይሰድበት ብቸኛው ቦታ።

ብቻዬን ስነዳ አደርገዋለሁ። የመንገድ ምልክቱን፣ እግረኛውን፣ የትራፊኩን ፊት ሳይቀር አያለሁ። ወደ ቤት የሚያስገባው ማዕዘን ላይ ስደርስ አወልቃለሁ፣ ስለዚህ መኪናችን ላይ ያሉት ጭረቶች በሙሉ ከበራችን ሠላሳ ሜትር ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው፣ ባሌ ይህ ነገር አይገባውም፣ ከተማውን ሙሉ ዞራ በሰላም ትመጣና በር ላይ ትላተማለች፣ በሩ ነው ጠማማው ይላል፣ ሁለት ጊዜ አስነቅሎ አስተክሎታል፣ ምስኪን በር።

ሲመሽ ግን ከሥራ ስወስደው አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፣ መነጽር የለም፣ ስለዚህ ሲመሽ አልነዳም አልኩ፣ ለምን አለ፣ መብራቷ ደክሟል አልኩ፣ ሁለት ዓመት በዚህ ነገር ተንጠልጥዬ ኖርኩ፣ ዛሬ የተንጠለጠልኩበትን ገመድ ይኸው እየፈተገው ነው፣ ውኃ አፍስሺ ይለኛል፣ አፈሳለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ ምንም ሰበብ የለሽም እሺ ይላል፣ ሳቅ ብሎ፣ እሺ እላለሁ።

ኧረ ጨርሶ አሳወርካት፣ ይላል አንድ ድምፅ ከአጥሩ በላይ። ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከሙያቸው የቀራቸው የሌላውን ሰው ሥራ ከላይ ሆኖ መመልከት ነው። ቢጫው ይሻል ነበር፣ አሁንማ የዓይን ሞራ አወጣች። እንዲህ ነው ጋሼ፣ ይላል ባሌ፣ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ነው የሚጠራው። ማን አለህ? ይላሉ። አንብቤ ነው። እሱን የጻፈውን ሰውዬ ጥራውና እሱ ይጨርስልህ። ሞራ ሲሉ እኔን ያሉኝ ይመስለኛል፣ ዓይን የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር እኔን ያሉኝ ይመስለኛል።

ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የዓይን ምርመራው ሰሌዳ ነው፣ ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበሩት ሰባት ሰዎች ሲመልሱ ሰምቼ በቃሌ ያዝኩት፣ ተራዬ ደርሶ መርማሪው ዱላውን ሳያነሳ ሁለት መልስ ቀደምኩት፣ የንስር ዓይን ነው ያለሽ ብሎ ፈረመልኝ፣ እስካሁን ስጨነቅ እደግመዋለሁ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች።

ለምን አትነግሪውም ትዪኛለሽ፣ ማን ነሽ የምትዪኝ፣ ራሴ ነኝ፣ እሺ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀን ባየሁበት አስተያየት ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ እሱ ከመስኮቱ ጋ፣ እኔ ከበሩ ጋ። እስካሁን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራዋል፣ በሠርጋችን ላይ ማይክሮፎን ይዞ አውርቶታል፣ ቀና ስል ዓይኗን ጠበብ አድርጋ እንዲህ ታየኛለች፣ ይልና ዓይኑን አጥብቦ ያሳያል፣ ሰው ይስቃል፣ በቃ አለቀልኝ ይላል፣ እንደዚያ ማንም አይቶኝ አያውቅም፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ተነስቼ ወደ እሷ ሄድኩ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ፣ ዓይናፋር ናት ይላሉ። መሆኔንስ ነኝ። ግን ያን ቀን የፎቶ ኮፒ ሠራተኛውን ነበር የምፈልገው፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እሱ ጋ ነበር፣ ሁለቱም ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ አምስት ደቂቃ የፈጀብኝ እሱ ነው አይደለም እያልኩ ነው። ትዳራችን የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህንን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው፣ ሻይ እየጠጣን?

ሂጂ ንጹሕ ውኃ አምጪ ይላል። እሄዳለሁ፣ ቧንቧው ቀጭን ነው የሚወርደው፣ ባልዲው እስኪሞላ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ ስመለስ ፀሐይ ስለበረታችበት መኪናዋን አዙሮ ከዛፉ ጥላ ሥር አቁሟታል፣ የጥርስ ሳሙናውን ቀብቶ በጨርቅ አሽቶ ጨርሷል፣ እዚያው ቁሚ ይለኛል፣ አትቅረቢ፣ ልዩነቱ ከሩቅ ነው የሚታየው፣ አንዱን ብቻ የሠራሁት ሆን ብዬ ነው፣ በይ ንገሪኝ፣ የትኛው ነው የተሠራው?

አሥር እርምጃ። መኪና አያለሁ፣ መኪና የሚመስል ነገር፣ አጠገቡ ሰማያዊ ነገር፣ እሱ ባሌ ነው። መብራቶቹ ሁለት የጥጥ ቁራጭ ናቸው፣ እኩል። አስቢ፣ ትዝ ይበልሽ፣ የት ነበር የተንበረከከው፣ በአጥሩ በኩል፣ አዎ፣ ጋሼ ከላይ ይመለከቱት ነበር፣ በአጥሩ በኩል፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

በአጥሩ በኩል ያለው፣ እላለሁ፣ በልበ ሙሉነት፣ ኩልል ብሏል፣ እንደ አዲስ ነው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እሳቸው ቃል ሲመርጡ ነው የፈራሁት።

ኧረ ልጄ፣ ይላሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ መኪናዋን አዙሯታል እኮ።

መኪናዋ እንደዞረች አይቻለሁ። አጥሩ ግን አልዞረም፣ እኔ የያዝኩት አጥሩን ነው።

ትቀልጂያለሽ አይደል፣ ይላል ባሌ። የማምለጫ በር ተከፍቶልኛል፣ አዎ ቀለድኩ ብል ያልቃል፣ ሳቅ ልል አፌን ከፍቻለሁ፣ ግን ፊቱ፣ ፊቱ አይታየኝም፣ እየሳቀ ይሁን ልፋቱን የናቅኩበት መስሎት ከፍቶት ይሁን አላውቅም፣ አሥር እርምጃ ላይ ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ሲከፋው አይቼው አላውቅም፣ ምናልባት ስንቴ ከፍቶት ይሆናል።

አይታየኝም፣ እላለሁ።

መብራቱ?

አንተ።

ባልዲውን አስቀምጣለሁ፣ እግሬ ላይ ይፈሳል። ሰማያዊው ነገር አንድ እርምጃ ወደ እኔ ይመጣል። አሁንስ? ሸሚዝህ ብቻ። አሁንስ? ጭንቅላት አለህ። አሁንስ? ደህና ነው፣ አፍንጫህ መጣ። ይቆማል። ሲያስብ ይሰማኛል፣ የሚያስበውን አውቀዋለሁ፣ አትቁጠር፣ እባክህ አትቁጠር።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ይላል፣ ከመስኮቱ እስከ አንቺ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ነበር።

አዎ።

ታዲያ ማንን ነበር የምታዪው?

የፎቶ ኮፒ ሠራተኛውን።

የጋሼ ጭንቅላት ከአጥሩ በታች ይሰወራል፣ ከወዲያ ማዶ ሳል የሚመስል ነገር ይሰማል፣ ሳል ግን አይደለም።

ያን አጭሩን? ይላል ባሌ።

ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ወረቀቶቼ እሱ ጋ ነበሩ።

እና ስመጣ ምነው ዝም አልሽኝ፣ እሱ እንዳልሆንኩ ስታውቂ፣ ሂድ አትዪኝም ነበር?

ቀርበህ ነበራ፣ እላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የረጠበውን ጫማዬን እያየሁ፣ ጫማዬ በደንብ ይታየኛል። ስትቀርብ አየሁህ። ወረቀቶቼን ረሳኋቸው፣ ሳምንት ሙሉ አልወሰድኳቸውም፣ ሠራተኛው ራሱ መጥቶ ጮኸብኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሊዘጋብሽ ነው፣ ሳትወስጂ ልትቀሪ ነው ብሎ።

ቤት እገባለሁ፣ ፓኬቱን ከቦርሳዬ አወጣለሁ፣ ይዤው እወጣለሁ፣ ፓኬቱን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያ መነጽሩ ሲወጣ ይመለሳል፣ አድርጊው እስቲ ይላል፣ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ይቆማል፣ አሥር እርምጃ፣ አደርገዋለሁ፣ ጆሮዬ ይግላል፣ ጠርሙሷ መጣች፣ ማንም አላለም። አቤት፣ መብራቱ እውነትም ኩልል ብሏል፣ ውስጡ ያለው አምፖል ሳይቀር ይታያል፣ በአጥሩ በኩል ያለው ያው ቢጫው ነው፣ እና እሱ፣ ቅንድቡ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ጆሮው አጠገብ ሽበት፣ መቼ አወጣው፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ አልከፋውም፣ አፍሮ ነው፣ ከሩቅ እያየሁት መሆኑ ሲገባው ትንፋሹን ይይዝና ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ማን ያየኛል ብሎ የለቀቀውን ሆድ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እኔ ዓይኔን ጠበብ አደርጋለሁ፣ በመነጽር ማጥበብ አያስፈልግም፣ ጠበብ አደርጋለሁ፣ ሆዱን ቀስ ብሎ ይለቀዋል