ወደ ግራ የዞረ ቋጠሮ

ኮሪን ዜሊንስኪ አሮጌውን ቴፕ ከዳሽቦርዱ ስባ ስታወጣው፣ መጀመሪያ የራሷን ሥራ ያየች መሰላት።

ከበስተጀርባ ያሉት ሽቦዎች በሌላው መኪና እንደሚሆነው፣ እንደታረደ በሬ አንጀት አልተዝረከረኩም። በየቀለማቸው ተለይተው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በየአራት ጣቱ ሰም በተቀባ ነጭ ክር ታስረዋል። በየጫፋቸውም ቁጥር የተጻፈባት ጠባብ ጨርቅ ተጠምጥማለች። በቶሌዶ ከተማ ለማይታይ ነገር ይህን ያህል የሚጨነቅ ቴፕ ገጣሚ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እሷ ናት። ሌላው በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠፍርና የተረፈውን ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ክዳኑ ከተዘጋ ማን ያያል?

ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ እንዴ? ብላ አሰበች። ግን ቢጫ ባለሁለት መቀመጫ ኮርቬት እጇ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አትረሳውም ነበር። የእጅ መብራቷን አስጠግታ ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የእሷ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ይኼኛው ወደ ግራ ዞሯል። ያሰረው ሰው ግራኝ ነው።

ከዚያ ቁጥሮቹን አየች። የሰባት ቁጥሯ ወገቧ ላይ በአጭር መስመር ተቆርጣለች።

ካቻቢቴው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አላነሳችውም።

ግራኙ አባቷ ሌነርድ ዜሊንስኪ በወጣትነቱ በሰሜኑ ትልልቅ ሐይቆች ላይ በሚመላለስ የጭነት መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ሽቦን በሰም ክር ማሰር የተማረው እዚያ ነው፤ ኋላ ይህን ሱቅ ከፍቶ የመኪና ቴፕ መግጠም ሲጀምርም ልማዱን አልተወም። ሰባትን ወገቧን መቁረጥ ደግሞ ከፖላንዳዊት እናቱ የወረሰው ነው። ሙያውን ለልጁ አስተማራትና፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር አንድ ማለዳ፣ ዓሣ ላጠምድ ብሎ ኢሪ ሐይቅ ላይ ወጣ። ጀልባው ሞተሩ ሳይጠፋ ባዶውን ሲሽከረከር ተገኘ። ጠላቂዎች ዘጠኝ ቀን ፈለጉት። ሬሳው ስላልተገኘ ሣጥኑ ውስጥ የእሁድ ኮቱንና ባርኔጣውን አድርገው ቀበሩት።

ኮሪን ከመኪናው ወርዳ በሩን ከፈተችና መቃኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበች። ደግማ አነበበችው። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው።

አምስት ዓመት ሐይቅ ውስጥ የከረመ ሰው ይህን ክር አላሰረም።

የመኪናው ባለቤት አምብሮዝ ቲል ከመስታወት ግድግዳው ባሻገር፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር። ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው። ከደቡብ፣ ከቻታኑጋ ከተማ የመጡት የታላቅ እህታቸውን ሰማንያኛ ዓመት ልደት ለማክበር ሲሆን፣ መንገድ ላይ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ቴፑ ላይ ደፍተውበት ድምፁ ጠፋ። ነገ የሚመለሱበት መንገድ ተራራ የሚበዛበት በመሆኑ፣ በዚያው የሳተላይት ሬዲዮ ይገጠምልኝ አሉ፤ የቤዝቦል ጨዋታው በየሸለቆው እየተቆራረጠ ሰልችቷቸዋል።

ኮሪን ወደ እሳቸው ሄደች።

«ሚስተር ቲል፣ ይህን ቴፕ ማን ነው የገጠመልዎት?»

«ምነው፣ አበላሽቶታል እንዴ?»

«የለም። በጣም አሳምሮታል።»

«ያበላሸሁትስ እኔ ነኝ። ሻይ እስክጋብዘው ድረስ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው።» ሣቁ። «እኛ ሰፈር ያለ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ነው። ቤቱ ጓሮ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ማስታወቂያ እንኳ አልለጠፈም። እንደ ባልቴት ክር ይዞ ሲቋጥር ውሎ አይሰለቸውም። ‹ሬይ፣ ቴፕ ግጠም አልኩህ እንጂ ብርድ ልብስ ስፋልኝ አልኩህ ወይ?› ስለው ቀና ብሎ አያየኝም።»

«በየትኛው እጁ ነው የሚቋጥረው?»

ሽማግሌው ሣቃቸውን ሰበሰቡ። አየር ላይ ለመቋጠር ሞከሩ፤ መጀመሪያ በቀኛቸው፣ ከዚያ በግራቸው። «በግራው» አሉ። «ታውቂዋለሽ?»

«አሁን በሕይወት አለ?»

«ባለፈው ሐሙስ ልነሳ ስል ጎማዬን የነፋልኝ እሱ ነው።»

ኮሪን የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። መጠየቅ ያልፈለገችው ነገር ከአፏ ሲወጣ ሰማችው።

«ልጆች አሉት?»

«የሚስቱ ሁለት ልጆች አሉ፣ ትልልቆች ናቸው። እሱ የራሴ የለኝም ነው የሚለው።»

«አመሰግናለሁ» አለች፤ ለምን እንዳመሰገነች ሳታውቅ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ በተደረደሩት የስፒከር ካርቶኖች መሃል ቆማ እናቷ ጋ ደወለች።

በርናዲን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። በየሚያዝያው ከልጇ ጋር አበባ ይዛ ሐይቁ ዳር ትሄዳለች። ኮሪን ነገሩን እንዴት እንደምትጀምር አላወቀችም። ስለ ክሩ ነገረቻት፣ ስለ ሰባቷ ነገረቻት፣ መኪናው መቼ እንደተሠራና ባለቤቱ ስለ ሬይ ያሉትን ነገረቻት። ከወዲያኛው ጫፍ የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። አብደሻል እስክትባል ጠበቀች፤ ልቅሶም ጠበቀች። የቧንቧው ውኃ ተዘጋ።

«ጤናውስ ደህና ነው አሉሽ?» አለች እናቷ።

ኮሪን ስልኩን ከጆሮዋ አላቃ አየችው፤ የተናገረው ስልኩ ይመስል። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ታውቂ ነበር።»

«የት እንዳለ አላውቅም። መሄዱን ነው የማውቀው። ለሣጥኑ ኮቱን ላወጣ ቁም ሣጥኑን ስከፍት አዲሱ ጫማው የለም። መላጫውም የለም። ዓሣ ሊያጠምድ አዲስ ጫማ ይዞ የሚሄድ ማን አለ?»

«ጠላቂዎቹ ውኃ ውስጥ ነበሩ፣ እማ። ዘጠኝ ቀን።»

«ነበሩ።»

«እኔም ዳር ቆሜ ነበር።»

«ቆመሽ አለቀስሽ፣ ከዚያ ወጣልሽ። ጥሎን ሄደ ብልሽ አይወጣልሽም ነበር። የሞተ አባት ይሻላታል አልኩ።»

«ለእኔ ነው ወይስ ለአንቺ?»

«ይህን ያህል ዓመት ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው» አለች በርናዲን። «መልሱን ብይዘው ኖሮ ይኼኔ ነግሬሽ ነበር።»

ኮሪን ስልኩን ዘጋች። ካርቶኖቹን እያየች ቆየች፤ ሞዴላቸውንና ዋጋቸውን አንድ በአንድ አነበበች፣ አንዱም አልገባትም። የተቆጣች እንደሆነ ራሷን መረመረች። ቁጣው ገና አልደረሰም። ሐዘኑም የለም። የሆነ ሰው በድንገት ወንበሯን ከሥሯ ስቦባት፣ ሳትወድቅ አየር ላይ የቀረች ይመስላት ነበር።

ወደ መኪናው ተመለሰች። እጆቿ ሥራቸውን ያውቁታል፤ ተወቻቸው። የደረቀውን ሻይ ጠረጉ፣ አዲሱን ቴፕ ቀጠሉ፣ የሳተላይቱን አንቴና ገመድ ከኋላው መስታወት ሥር አሳልፈው ወደ ፊት አመጡ። ገመዱን ከሌሎቹ ጋር ለማስተኛት አንዱ ቋጠሮ መፈታት ነበረበት። ምላጩን አስጠግታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቆረጠችው። ክሩ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ጭኗ ላይ ወደቀ። በቦታው የራሷን አሰረች፤ በእነዚያ ሁሉ ወደ ግራ በዞሩት መሃል አንድ ወደ ቀኝ የዞረ።

የሳተላይት ሬዲዮ ጣሪያ ሥር ስለማይሰማ መኪናውን ገፍታ ወደ ደጅ አወጣችው። ቀትር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ሬዲዮውን ስትከፍተው ጥቂት ሰኮንድ ዝም አለ፤ ከዚያ ከማታውቀው ስታዲየም የተመልካች ጩኸት ወርዶ መኪናውን ሞላው። አምብሮዝ ቲል መሪው ኋላ ገብተው እንደ ልጅ ፈገግ አሉ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ። የኮሪንን ፊት ሲያዩ ግን ጨርሰው አጠፉት።

«ከተመለስኩ በኋላ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እንገናኛለን፣ እኔና ሬይ» አሉ። «ምን እንደሆናችሁ አልጠይቅሽም። አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ከፍቼ አላየሁም። የምትልኪው ነገር ካለ አደርሳለሁ።»

ኮሪን ለሞተ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚላክ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሐይቁ ዳር ቆማ ያለችው ሁሉ ለሌላ ሰው የተባለ ሆነባት፤ ለዚህኛው፣ በግራው ለሚቋጥረው፣ የራሴ የለኝም ለሚለው፣ አንድም ቃል አልነበራትም።

«ምንም» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢጫው መኪና ቀስ ብሎ እስከ አስፋልቱ አፍ ሄደና ቆመ፤ የቀኝ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ሁለት የቤት መኪናዎች አለፉ። ከዚያ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ሆነ፤ ግን መኪናው አልተንቀሳቀሰም። አምብሮዝ ቲል በኋላ ማሳያው መስታወት ያዩዋት ነበር።

ኮሪን ከሱቋ በር ርቃ፣ የግቢውን ጠጠር አጋምሳ እየሄደች መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው።