ኤክስ የተባለችው ሴትዮ

እናቴ ከሒሳብ ጥያቄ ጋር ትጣላ ነበር። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። ሃያ ዓመት ቆማ ስትሠራ ጉልበቷ አለቀና የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ሆና መቀመጥ አማራት። ለዚያ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ግድ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ገባች፤ አስጠኚዋ እኔ ሆንኩ፤ የአሥራ አራት ዓመት ጉረኛ።

ከሥራ እንደገባች፣ እጇ ሳሙና ሳሙና እንደሸተተ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። መደመርና ማባዛቱን ማንም አይቀድማትም። ጣጣው ያለው በቃላት የተጻፈውን ወደ ኢኩዌሽን መለወጡ ላይ ነው።

"አንድ ቧንቧ በርሜሉን በሦስት ሰዓት ይሞላዋል፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ደግሞ በስድስት ሰዓት ያፈሰዋል" ብዬ ሳነብላት እርሳሷን አስቀመጠች።

"ቀዳዳውን አይደፍኑትም እንዴ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?"

"እማዬ፣ ሰዎቹን ተያቸው። ጊዜውን ኤክስ እንበለው።"

የእናት ዕድሜ የልጇን ሦስት እጥፍ ነው ከተባለ፣ በስንት ዓመቷ እንደወለደቻት ሳታጣራ አታልፍም። አንዷን ሴትዮ "ኤክስ እንበላት" ስላትማ፣ "ምነው፣ ስም የሚያወጣላት ዘመድ አጣች?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዛሬ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በክፍሌ ውስጥ እንደዚያ የሳቀ ሰው የለም። ያ ሳቋ በጣም ይናፍቀኛል።

ያኔ ግን አበገነኝ። "ፈተና ላይ እንዲህ እንዳትጨቃጨቂ! የተሰጠሽን ጻፊ፣ የወጣውን አስቀምጪ፣ በቃ!" ብዬ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝና "እሺ፣ መምህሬ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ቧንቧውንም ሴትዮዋንም ተወቻቸው። ያነበብኩላትን ሁሉ ሳትተነፍስ ወደ ኢኩዌሽን ትለውጥ ጀመር። እኔም በማስተማሬ ኮራሁ።

ፈተናውን በአንድ ነጥብ ወደቀች።

የጣላት ጥያቄ "ሃያ ሠራተኞች አሉ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ በአምስት ይበልጣሉ፤ ሴቶቹ ስንት ናቸው?" ይላል። እናቴ ያለ አንዳች ስህተት ሠርታ ሰባት ተኩል ሴት አገኘች፤ እሱኑ ጽፋ ወጣች። ለካ ሲታተም ተሳስቶ ኖሯል፤ ሃያ አንድ ነበር መሆን የነበረበት። በጎን ባለው ክፍል አንዷ ተፈታኝ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ፣ ፈታኙ ሰሌዳው ላይ አረመላቸው። በእናቴ ክፍል የጠየቀ ሰው አልነበረም።

"ሰባት ተኩል ሴት ሲመጣብሽ አልገረመሽም?" አልኳት። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።

"እንዴት አይገርመኝ! እጄን ላነሳ ብዬ ነበር" አለችኝ፣ ጉልበቷን እያሸች። "ኋላ ግን፣ ከእኔ ልጄ ታውቃለች አልኩና ተውኩት።"

በዓመቱ እንደገና እስክትፈተን ድረስ ቆማ አጠበች። እኔም አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላልኳትም።