ዝም ያሉት ስልኮች

እህቴ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ የምናወራው በስልክ እየተጻጻፍን ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ካላለችኝ ቁርስ በጉሮሮዬ አይወርድም። ባለፈው ሳምንት ድንገት ዝም አለች። ብጽፍ አይደርስ፣ ብጠብቅ መልስ የለ። ክፉ ክፉውን እያሰብኩ ጫማዬን አዟዙሬ ተጫምቼ ስሮጥ፣ ስልኳን ጨብጣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አስቀየምኩሽ? ስንቴ ልጻፍልሽ?» ብላ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸችብኝ።

ጥፋቱ የእሷም የእኔም አልነበረም። የልጅ ልጄ መሥሪያ ቤት፣ በስልክ የምንላላከውን መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው የሚቆልፍ አዲስ ምስጠራ እየሠራ ነው። በየሰዉ ስልክ መሥራቱን ለማወቅ ብዙ ፈቃደኞች አንዲት የመለኪያ ፕሮግራም ስልካቸው ላይ ጫኑ። ለልጅቷ ስንል እኔና እህቴም ጫንን። ፕሮግራሟ መልእክታችንን ወደ አዲሱ ምስጠራ ታዞርና ውጤቱን ለመሥሪያ ቤቱ ትልካለች።

የሆነውን ነግሬያት የልጅ ልጄ ውጤቱን ስታገላብጥ እህቴ ከተሳካላቸውም ካልተሳካላቸውም ዝርዝር ውስጥ የለችም። ፊቷ ጠቆረ።

«እማዬ፣ ውጤቱም የሚላከው በአዲሱ ምስጠራ ነው። እምቢ ያለው ስልክ እምቢ ማለቱን በምን ይንገረን?»

ደሜ ፈላ። መነሣት ያቃተው በሽተኛ በእግሩ መጥቶ ካልነገረን ጤነኛ ነው የሚል ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅዳሜ አለቃዋ ቤት ድረስ መጣ። እኔ ያወጣሁለት ስም «መቶ በመቶ» ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ሰኞ የድሮው ምስጠራ እንዲዘጋ የልጅ ልጄ ማጽደቅ ነበረባት፤ ከተዘጋ አዲሱ እምቢ ያለው ስልክ ሁሉ እንደ እህቴ ዝም ማለቱ ነው።

«እማማ፣ አይጨነቁ። መቶ በመቶ ተሳክቷል ማለት ይቻላል።»

«እህቴስ?»

«አንድ አሮጌ ስልክ ነው እኮ።»

«አንድ መሆኑን ማን ነገረህ? ዝም ያሉትን ጠየቅሃቸው?»

«ፕሮግራሟን አጥፍተዋት ይሆናላ።»

«በይሆናል የሰው አፍ ትዘጋለህ? እናትህ ስልክ ላይ ጭነሃታል?»

«እናቴማ አዲስ ስልክ ነው ያላት» ብሎ ሳቀ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅቷን ያሳደግኋት «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እያልኩ ነው። ያን ቀን ግን «አታጽድቂ» አልኳት። ላፕቶፗን ከደነችው።

«እንግዲያው ሰኞ ቢሮ እንገናኛለን» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

«እማዬ፣ ቢያባርረኝስ?»

«ያባርርሽ። እስከዚያ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።»

ፈቃደኞቹ ሲመዘገቡ ተደውሎ እንዲጠየቁ ተስማምተው ቁጥራቸውን ሰጥተዋል። ዝም ያሉትን፣ አዲሱ ምስጠራ በማይነካው በተለመደው የድምፅ ጥሪ እንደውልላቸው ጀመር፤ እሷ በስልኳ፣ እኔ በስልኬ። የእኔ የመጀመሪያው ሰውዬ ጠይቄ ሳልጨርስ ቀደመኝ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ? ልጄ ሆን ብዬ የዘጋኋት መስሏት አኩርፋኛለች። ለማን አቤት ልበል?»

«ለእኔ» አልኩት። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ስልክዎ ምን ዓይነት ነው?»