የጋራ ጭነት

ሰው በምላሱ ሌላ ሰው ያጠፋል ቢሉኝ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። እኔ አጥፍቻለሁ።

በካሜሩኗ ዱዋላ፣ ኒው ቤል ገበያ ውስጥ እያንዳንዷ ነጋዴ የራሷ ጋሪ ገፊ አላት። የአንዷ ሦስት ካርቶን ለብቻው፣ የጎረቤቷ አራት ካርቶን ለብቻው ይገፋል። "ለምን በአንድ ባለሦስት እግር ሞተር አብሮ አይጫንም? ዋጋው በግማሽ ይወርዳል" ብዬ ድርጅት አቋቋምኩ። ወረቀት ላይ ሸጋ ነበር። አዛውንቱ ጋሪ ገፊ ፓፓ ኤዋኔ ጉልበታቸው ስላለቀ ጋሪያቸውን ሸጠው አብረውኝ ገቡ፤ ዘይት ነጋዴዋን ማማ ኬማዩን ጨምሮ ደንበኞቻቸውም ተከተሏቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንን ዕቃ ከየት እንደሚያመጡ ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እዚህ ገበያ ገፊ የሚከበረው በአፉ ቁጥብነት ነው።

ሞተሩ ካልሞላ ግን አያዋጣም። ሳሙና ነጋዴዋን ማማ ጁሜሲን ለማግባባት ሄጄ አመለጠኝ፦ "የማማ ኬማዩን ዘይት ከቦናቤሪው መጋዘን ስናመጣ፣ ያንቺንም ሳሙና እግረ መንገዳችንን እንጭነዋለን።" ፈገግ ብላ ፈረመች። በሳምንቱ የመጋዘኑን ዘይት ጠራርጋ ገዛችው።

ማማ ኬማዩ ባዶ መደርደሪያዋን ትታ ሞተሩ ድረስ መጣች። ፓፓ ስትላቸው የኖረችውን ሰው በስማቸው ጠራቻቸው።

"ኤዋኔ! እናቴን ያገለገልክ ሰው፣ ምስጢሬን ሸጥከው?"

"እኔ አልተናገርኩም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ዘይቱ ራሱ ተናገረ?"

ገበያው ሳቀ። ፓፓ ኤዋኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ መነካካት ጀመርኩ። ብናገር ድርጅቱ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ።

መፍረሱ መች ቀረና! በአሥር ቀን ውስጥ ሁሉም ወደየገፊያቸው ተመለሱ። ፓፓ ኤዋኔ ብቻ ጠሪ አጡ። በዚያ ጉልበታቸው ጋሪ ተከራይተው ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ፤ ወጣቶቹ ገፊዎች "ሬዲዮ መጣ!" ይሏቸዋል። እኔ ይህን በየቀኑ እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት አልቻልኩም። ማማ ኬማዩ ሱቅ ገብቼ "የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው የሉበትም" አልኳት። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እጄን ያዘችኝ።

"ደግ ልጅ ነህ" አለች። "ለሽማግሌ ብለህ የገዛ ስምህን ታጎድፋለህ።"

"ማማ፣ እውነቴን ነው!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እናትህ ትባረክ።"

ጎረቤቶቿን ጠርታ ነገረቻቸው። ስወጣ ሴቶቹ ይመርቁኝ ነበር። ፓፓ ኤዋኔ ማዶ ባዶው ጋሪ ላይ ተቀምጠው ምርቃቱን ይሰማሉ።