ከዘጠና አምስት ጎን ያለችው ፊደል

ሚስተር ስትራውድ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ቡድኑ ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳ ከመውረዱ በፊት፣ ዋና ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በክረምቱ ያስፈረማቸውን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ይዳኛል። ለእያንዳንዱ እንደ ትምህርት ቤት ማርክ ይሰጣል። ክለቡ የራሱ ስለሆነ ተው የሚለው የለም። እኔ ግን አንድ የቀለም ፋብሪካ ባለቤት ስለ ቤዝቦል ሊያስተምረኝ ሲቃጣው ደሜ ይፈላል።

የዚያ ዓመት ዳኝነት ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ቡድናችን ባለፈው ዓመት ውድድር መጨረሻ ወጥቷል። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ሬይ ዱቢየል ማርኩ ካላማረ በዚያው ቀን እንደሚባረር ቡፋሎ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሬይን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጂን ፓሆልስኪ እባላለሁ፤ በተጫዋች መልማይነት ሠላሳ አንድ ዓመት አገር ላገር ዞሬያለሁ። ሬይ አለቃዬ ከሆነ በኋላም «ሽማግሌው» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ እኔም አልጠላውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ውጭው በረዶ በበረዶ ነው። ዶናት ቀርቧል፤ ከስትራውድ በቀር የበላ የለም።

«ከኳስ ቀላቢው እንጀምር» አለ ስትራውድ አፉን እየጠረገ። «ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁጭ ብድግ ሲል ጉልበቱ ሲንቋቋ እኔ ወንበር ድረስ ይሰማኛል።»

«ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ኳስ ግን አያመልጠውም» አለ ሬይ። «ልጆቹን ወርዋሪዎች የሚያረጋጋ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል።»

«ሲ» አለ ስትራውድ። በግራ እጁ ኳስ ለሚመታው ልጅ ደግሞ ትንሽ አጉረምርሞ ቢ ሰጠው። ሬይ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ግን ሦስተኛው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

«አሁን ወደ ጌታው እንምጣ። ኤሊያዛር ቲኔዎ። የአራት ዓመት ውል ነው ያስፈረምከው። በሰዓት ዘጠና አምስት ማይል ይወረውራል ብለህ አይደል ያሳመንከኝ?»

«አዎ።»

«ማክሰኞ እታች አዳራሹ ውስጥ አስወርውሬ ሦስት ሰው አስለካሁ። ዘጠና አንድ! ይህንንማ የኔም አትክልተኛ ይወረውረዋል።»

«ጥር እኮ ነው፣ ሚስተር ስትራውድ። በጥር ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣ ወርዋሪ የለም።»

«ልጁን ራሱን ጠየቅኩታ! ‹ከዘጠና ሁለት በላይ ወርውሬ አላውቅም፣ እኔ የማሸንፈው በብልሃት ነው› አለኝ። እሱ አልዋሸም። ታዲያ የዋሸው ማነው?»

የዋሸሁት እኔ ነኝ። መዋሸት እንኳ አይደለም፤ ስንፍና ነው። ያኔ ፍጥነት የምንለካው በእጃችን በያዝነው መለኪያ ነበር። መስከረም ላይ ቲኔዎን ለማየት ደቡብ ወርጄ ሳለ የመለኪያዬ ባትሪ በሁለተኛው ዙር አለቀ፤ ተለዋጭ አልያዝኩም። ስለዚህ የስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ የሚበራውን ቁጥር እያየሁ ገለበጥኩ። ያ ሰሌዳ ተመልካቹን ለማስደሰት ሦስት አራት ማይል እንደሚጨምር መልማይ ሁሉ ያውቃል። ለዚህም ደንብ አለን፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ ቁጥር ጎን «ሰ» ይጻፋል። አንዲት ፊደል ናት። እሷን ያየ አለቃ ቁጥሩን ቀንሶ ያነበዋል። እኔ ያን ቀን ሳልጽፋት ቀረሁ። ዝናብ ነበር፣ እርቦኝ ነበር፤ ምክንያት መቼ ይጠፋል?

ስትራውድ ደንቡን ያውቀው ኖሯል። «ሬይ፣ ከማስፈረምህ በፊት የጂንን ደብተር አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሰሌዳ የምትለዋ ፊደል ነበረችበት?»

ሬይ አንገቱን ደፋ። ኅዳር ላይ እኔው ቤት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገጽ በገጽ ሲያገላብጠው አብሬው ነበርኩ። እንደሌለች በደንብ ያውቃል።

«ደብተሩን ይዩት» አለ በመጨረሻ።

«መልካም። ፊደሏ ካለች ጂን አስጠንቅቋል፣ አንተ አይተህ እንዳላየህ ሆነሃል፤ ትሄዳለህ። ከሌለች ግን ያሳሳተን ጂን ነው፤ እሱ ይሄዳል። ጂን፣ ደብተሩ የት አለ?»

«መኪናዬ ውስጥ።»

«አምጣዋ!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ገጹን ገለጥኩ። 95። ጎኑ ባዶ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሬይ ገና ጎረምሳ ነው፣ ብልህ ነው፣ የትም አይወድቅም እያልኩ ለራሴ ተሟገትኩ። እጄ የመኪናውን ኪስ ዳበሰ፤ እስክሪብቶ አገኘሁ። ፊደሏን ጻፍኳት። አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ተመልሼ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ነው የነቃሁት። እኛ ሜዳ ላይ ዝናብ ስለሚያገኘን በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አንጽፍም። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ «ሰ» ጉብ ብላለች።

«ይቺውና!» አለ ስትራውድ ጣቱን ቀስሮ። የቀለም ፋብሪካ ያለው ሰው ቀለሙን ልብ አላለውም።

ሬይ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለና እኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር አልቆልኛል።

«አዎ» አለ። «አይቻታለሁ።»

«አይተህ ነው ዘጠና አምስት ያልከኝ?»

«ልጁን ስለወደድኩት ነው። በዘጠና አንድም መቺዎችን ያስወጣል። ይህን ብነግርዎ ግን እሺ አይሉኝም ነበር።»

«ኤፍ» አለ ስትራውድ፤ ደብተሬንም መልሶ ገፋልኝ።

ሬይን መኪና ማቆሚያው ላይ ደረስኩበት፤ የመስታወቱን በረዶ ይፍቃል።

«ሬይ፣ ለምን ዝም አልክ?»

«ሂድ ወደ ውስጥ፣ ይበርድሃል።»

«ለምን ዝም አልክ እኮ ነው የምልህ!»

መፋቂያውን አስቀመጠ። «እኔን ሌላ ክለብ ይወስደኛል። አንተን ማን ይወስድሃል?» አለ። «ባዶውን ይዘኸው ብትመጣ ኖሮ ምን ልል እንደነበር ታውቃለህ? ‹ጂን በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ መጻፍ ብቻ ነው የረሳው› ልል ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ቃሉን እያጠናሁ ነበር የምጠብቅህ።»

ወይ ለቅሶ፣ ወይ ስድብ ብጠብቅም አልመጣም። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እዚያው በረዶ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። የስትራውድ ጸሐፊ ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች።

«ሚስተር ስትራውድ ይፈልጉሃል፣ ጂን። አዲስ ሰው እስኪገኝ የሬይን ቦታ አንተ ትይዛለህ መሰለኝ። ‹የሚታመን ሰው እሱ ነው› ሲሉ ሰማኋቸው።»

«መጣሁ በያቸው» አልኳት።

ሦስቱን ፎቅ የወጣሁት እውነቱን ለመናገር ነው፤ በየደረጃው ለራሴ እንደዚያ ስል ነበር። ስትራውድ የሬይን ወንበር ሳብ አድርጎ «ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ አልኩ።